የመድኃኒት ልክና የመተማ ቆላ

ከጐንደር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ አይከልንና ነጋዴ ባሕርን ካለፈ በኋላ የደጋው ነፋስ ይቀርና የቆላው ወበቅ ይቀበለዋል። የጤፉና የገብሱ ማሳ አልቆ የማሽላው፣ የጥጡና የሰሊጡ እርሻ ይጀምራል፤ መሬቱም በክረምት እግር የሚይዝ ጭቃ፣ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሆን ጥቍር ዋልካ ነው። በሌላ ስሟ ገንዳ ውኃ የምትባለው ሸሕዲ በዚህ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ከእርሷ ወዲያ ኮኪት፣ ከኮኪትም ወዲያ የጠረፏ ከተማ መተማ ዮሐንስ ትገኛለች፤ ከዚያ ማዶ ያለው ገላባት የሱዳን ነው።

ይህ አገር በታሪካችን ዘንድ የታወቀው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋራ ሲዋጉ ስለ ወደቁበት ነው። ስለዚያ ጦርነት የአገር ውስጥም የውጭም ጸሐፊዎች ብዙ ብለዋል። ስለ ቆላው በሽታና በሽታውን ለማዳን ስለ ተደረገው የመድኃኒት ምርመራ ግን በአማርኛ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ እኔ በበኩሌ አንባቢውን ወደዚህ ወደ ሁለተኛው ታሪክ ልወስደው አስቤአለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ የሳይንስ መጻሕፍት በሚከተሉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የታሪኩ መነሻ አንድ ተራ ጥያቄ ነው። ሐኪም ለበሽተኛው መድኃኒት ሲያዝ፣ «በሰውነት ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ ይህን ያህል ሚሊግራም፣ ለይህን ያህል ቀን» ብሎ ያዛል። ይህ ቍጥር ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም፤ አንድ ቀን፣ በአንድ አገር፣ በአንዳንድ ሰዎች ሥጋ ላይ ተመዝኖ የተገኘ ነው። ሰዎቹ እነማን ነበሩ? የሸሕዲ ገበሬ ሥጋ የእነዚያን ሰዎች ሥጋ ይመስላልን? በሽታውስ ያው በሽታ ነውን? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ሳያነሣው ረጅም ዘመን አልፏል።

በሽታው ካላ አዛር ይባላል። ስሙ ከሕንድ አገር የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም ጥቍር ንዳድ ማለት ነው። አመንጪው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ የሚያጋባውም የአሸዋ ዝንብ የተባለች፣ ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ፣ ስትበርም ድምፅ የማታሰማ ደም መጣጭ ነፍሳት ናት። በሰሜን ምዕራብ ቆላችን ይህች ዝንብ የምትወደው የዋልካውን ስንጥቅና የግራሩን ሥር ነው፤ ሠራተኛው ቀን ሲያርም ወይም ሲያጭድ ውሎ ሌሊት ከዛፍ ሥር ሲተኛ ታገኘዋለች። ከተነከሰ በኋላ በሽታው ለሳምንታት ወይም ለወራት ተደብቆ ይቈያል። ቈይቶም ትኵሳቱ አልለቅ ይላል፤ ሰውነት ይከሳል፤ ጣፊያና ጉበት ያብጣሉ፤ ደም ያንሳል። ሳይታከም የቀረ ሰው ሞት የማይቀርለት ነው ማለት ይቻላል።

የቆላው እርሻ ያለ ደገኛው ጕልበት አይሆንም። በአገሩ ቋንቋ ሳሉግ የሚባለው የወቅት ሠራተኛ በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከጐንደር፣ ከጐጃም፣ ከወሎና ከትግራይ ደጋ እየወረደ በሰሊጡ ማሳ ላይ ይሰማራል፤ ወራቱ ሲያልፍም ገንዘቡን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። በቆላው ተወልዶ ያደገው ሰው በሽታውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ እየተላመደ ስለሚያድግ ብዙውን ጊዜ ይቋቋመዋል፤ አዲሱ ደገኛ ግን ይወድቃል። ንግዱና ሰፊው እርሻ በሑመራና በመተማ እየተስፋፋ በሄደ መጠን የታማሚውም ቍጥር ጨመረ። በ1978 መንገሻና አቡሆይ የተባሉ ጸሐፊዎች በመተማና በሑመራ አካባቢ በወቅት ሠራተኞች ላይ ስለ ታየው ካላ አዛር ጥናታቸውን ባሳተሙ ጊዜ ነገሩ በሳይንስ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ደገኛው ሕዝባችን ግን ከቆላ ታሞ የመጣን ሰው ሁሉ «ወባ ነው» ማለት ልማዱ ነው። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚጐዳ በ2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ ታይቷል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ፣ ካላ አዛር ይገባበታል ተብሎ ያልታሰበ አገር ነበር። ሰዎች ሲሞቱ በመጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው፤ ተመርምሮ ሲገኝ ካላ አዛር ሆነ። ተመራማሪዎቹ በሽታውን ወደዚያ ያመጡት ከመተማና ከሑመራ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ብለዋል።

ስለ መድኃኒቱ ከመናገሬ በፊት ተሕዋሱ እንዴት እንደ ታወቀ ባጭሩ ልናገር። ዊልያም ሊሽማን የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም፣ ካልካታ አጠገብ በዳምዳም ሰፈር ሳለ ታሞ በሞተ ወታደር ጣፊያ ውስጥ ያያቸውን ጥቃቅን አካላት በ1903 ገለጠ። በዚያው ዓመት ቻርልስ ዶኖቫን በማድራስ ያንኑ አገኘ። የወባን ምስጢር የገለጠው ሮናልድ ሮስ ሁለቱን ስሞች አጋጥሞ ተሕዋሱን ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ አለው። እንግዲህ ስሙም መድኃኒቱም ልኩም ከመነሻው ከሕንድ ጋራ የተሳሰረ ነበር።

የመጀመሪያው መድኃኒት አንቲሞኒ ነው። አንባቢው ይህን ማዕድን በሌላ ስሙ ያውቀዋል፤ በጥንት ዘመን የምሥራቅ ሴቶች ዓይናቸውን የሚኳሉበት ኩል ከዚሁ ማዕድን ይዘጋጅ ነበርና። በ1912 ጋስፓር ቪያና የተባለ ብራዚላዊ ሐኪም አንቲሞኒ ያለበትን ጨው በሊሽማኒያ ለሚመጣ የቈዳ ቍስል ሰጠ፤ በ1915 በሲሲሊያና በሕንድ ለካላ አዛር ተሞከረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ የተባለው የካልካታ ሐኪም፣ እንደ ነገሩ ከሆነ በጠባብ ክፍል ውስጥ በጥቂት ዕቃ እየሠራ፣ ዩርያ ስቲባሚን የተባለውን የተሻለ ውሕድ አዘጋጀና የብዙ ሰው ነፍስ አተረፈ። በ1940ዎቹ ደግሞ ዛሬም የሚሠራበት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት መጣ። ወደ እኛ ቆላ የደረሰው ይህ ነው፤ ልኩም በኪሎ 20 ሚሊግራም፣ በየቀኑ በመርፌ፣ ለ30 ቀን ሆነ።

ሠላሳ መርፌ ማለት ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ያየዋል። መርፌው ያማል፤ ከዚያም በላይ መድኃኒቱ ራሱ መርዝነት አለው። ቆሽትን ያስቈጣል፤ የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዐት ያዛባል፤ አንዳንድ ጊዜም ከበሽታው ሊድን የተቃረበውን ሰው ልቡን በድንገት አቁሞ ይገድለዋል። በመድኃኒት ሳይንስ መጥፎ አጸፋ የሚባለው ይህ ነው። ሐኪሙ በአንድ እጁ ተሕዋሱን፣ በሌላ እጁ የበሽተኛውን ልብ ይዞ እንደሚመዝን ሰው ነው።

በ1990ዎቹ ኤች.አይ.ቪ. ወደ ቆላው እርሻ በገባ ጊዜ ይህ ሚዛን ተናጋ። በሑመራ ይሠሩ የነበሩት ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በሕንድ አገር የሚሠራው ርካሹ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ከውድ ዋጋው የእንግሊዝ መድኃኒት እንደማያንስ አረጋገጡ፤ ይህም ለድኻ አገር ታላቅ የምሥራች ነበር። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ግን ሌላ አስደንጋጭ ነገር ሰፈረ። ኤች.አይ.ቪ. ከሌለባቸው ታማሚዎች መካከል በሕክምናው ላይ ሳሉ የሞቱት ከመቶ 4 የማይሞሉ ሲሆኑ፣ ካለባቸው መካከል ግን ከሦስቱ አንዱ ሞተ። ተሕዋሱ ያው፣ መድኃኒቱም ያው፣ ልኩም ያው ነበር፤ የተለየው የበሽተኛው ሰውነት ብቻ ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ ሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ጥቂት መግባት ያስፈልጋል። በደማችንና በጣፊያችን ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉ፣ የገባውን ጠላት እየዋጡ የሚፈጩ ሕዋሳት አሉ። የሊሽማኒያ ተሕዋስ ድፍረቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሊገድለው በተዘጋጀው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ቤቱን ይሠራል። ሕዋሳት እርስ በርሳቸው መልእክት ይላላካሉ፤ ቲ የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለውን ንጥረ ነገር ሲልኩ፣ መልእክቱ ከማክሮፋጁ ቈዳ ላይ ተቀብሎ፣ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው ፕሮቲን በፎስፌት እየታተመ እስከ ሕዋሱ ማዕከል ድረስ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ማክሮፋጁ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን መርዝ አምርቶ ተሕዋሱን ይገድላል። ሊሽማኒያ ይህን መንገድ ይቈርጣል። በሕዋሱ ውስጥ ያሉትን፣ የመልእክቱን ማኅተም የሚፍቁትን ኤንዛይሞች ቀስቅሶ ደብዳቤው ከመንገድ እንዲቀር ያደርጋል።

አንቲሞኒም ተሕዋሱን ብቻ አይመታም። በሰውነት ውስጥ ወደ ኃይለኛው ዓይነቱ ሲለወጥ ተሕዋሱ ራሱን ከመርዝ የሚጠብቅበትን ኬሚካል ያጠፋል፤ ከዚህም ሌላ እነዚያን ማኅተም ፋቂ ኤንዛይሞች ስለሚያግድ የተቈረጠውን መልእክት እንደገና ሊቀጥለው እንደሚችል በላቦራቶሪ ታይቷል። ሄንሪ መሪ የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋራ በ1989 ባሳተመው ጥናት፣ ቲ ሕዋስ በሌላቸው አይጦች ላይ አንቲሞኒ ከቶ እንደማይሠራ አሳየ። እንግዲህ ይህ መድኃኒት ብቻውን የሚዋጋ አይደለም፤ የሰውነት ጭፍራ ከጐኑ ሊሰለፍ ይገባዋል። ኤች.አይ.ቪ. ጭፍራውን ስለሚበትን፣ በሑመራ የታየው ሞት ከዚህ ጋራ የተያያዘ መሆኑ ሊያስገርም አይገባም።

በ2006 ያው የሑመራ ቡድን በ580 ወንዶች ላይ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትን ሚልተፎሲን ከተባለ መድኃኒት ጋራ አስተያየ። ሚልተፎሲን በመጀመሪያ ለነቀርሳ ተብሎ የታሰበ፣ ኋላ ግን በ2002 በሕንድ አገር በአፍ የሚወሰድ የመጀመሪያው የካላ አዛር መድኃኒት ሆኖ የተፈቀደ ነው። በሕክምናው ላይ ሳሉ በሚልተፎሲን በኩል ከመቶ 2፣ በስቲቦግሉኮኔት በኩል ከመቶ 10 ሞቱ። መድኃኒቱ ያስመልሳል፤ ለእርጉዝ ሴትም ፅንስ ስለሚያበላሽ አይሰጥም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። በ2003 የኢትዮጵያ፣ የሱዳን፣ የኬንያና የኡጋንዳ ተመራማሪዎች ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት ከሚያፈላልገው ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋራ ሆነው ሊፕ የተባለውን የምሥራቅ አፍሪካ የሊሽማኒያ ጉባኤ መሠረቱ። ከመካከላቸው አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ፓሮሞማይሲን የተባለ አሮጌ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት በሕንድ እየተሞከረ ነበር። ርካሽ ነው፤ በ21 ቀንም ያልቃል። የሕንዱ ውጤት በ2007 ሲታተም ከመቶ 94.6 ታማሚዎች መዳናቸው ተነገረ። ማንኛውም የጤና ሹም ይህን ቍጥር ቢያይ «እንግዲህ ምን እንጠብቃለን? ገዝተን እናድል» ማለቱ አይቀርም ነበር።

የጉባኤው ሰዎች ግን ይህን አላሉም። ያንኑ መድኃኒት በዚያው ልክ፣ ማለት በኪሎ 15 ሚሊግራም ለ21 ቀን፣ በአገራቸው ሰው ላይ መዘኑት። ፕሮፌሰር አስራት በመጀመሪያ ጸሐፊነት ስማቸው የሰፈረበት የ2010 ጽሑፍ ውጤቱን ይነግረናል። በስድስት ወር ሲታይ በፓሮሞማይሲን የዳኑት በጠቅላላው ከመቶ 63.8 ብቻ ሲሆኑ፣ በአሮጌው አንቲሞኒ የዳኑት ግን ከመቶ 92.2 ሆኑ። ይልቁንም የሚያስደንቀው ቍጥሩ በየጣቢያው ሲከፈል ነው። ከመተማ ማዶ በሚገኘው በገዳሪፍ ግዛት፣ በኡም ኤል ኸይርና በካሳብ በነበሩት ሁለት የሱዳን ጣቢያዎች የዳኑት በአንደኛው ከመቶ 14.3፣ በሌላው ከመቶ 46.7 ነበሩ። በኬንያ ከመቶ 80 ዳኑ። በኢትዮጵያ ሁለት ጣቢያዎች፣ በጐንደርና በአርባ ምንጭ፣ አንደኛው ከመቶ 75፣ ሌላው ከመቶ 96.6 አስመዘገቡ።

አንባቢው በዚህ ላይ ጥቂት እንዲቈም እለምነዋለሁ። በአንድ ፋብሪካ የተሠራ አንድ መድኃኒት፣ በአንድ ልክ፣ በአንድ ዓይነት ሥርዐት ተሰጥቶ፣ በጋንጅስ ወንዝ ዳር ከመቶ 95 ያህሉን ሲያድን፣ በገዳሪፍ ሜዳ ግን ከሰባት ሰው አንዱን ብቻ ያዳነበት ስፍራ ነበር። የሕንዱን ቍጥር ይዞ በመተማ ሐኪም እጅ ላይ ማኖር ምን ያህል ሰው ያስጨርስ እንደ ነበር ማስላት ይቻላል። ሚዛኑን እንደገና ማንሣት ነፍስ የሚያድን ሥራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በአምፎተሪሲንም ያው ነገር ተደገመ። ይህ መድኃኒት በ1950ዎቹ በቬኔዙዌላ፣ በኦሪኖኮ ወንዝ አጠገብ ከተገኘ አፈር የወጣ ነው፤ በስብ ጠብታ ተጠቅልሎ ሲሠራ አምቢሶም ይባላል። በ2010 በሕንድ በኪሎ 10 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ ከመቶ 95.7 አዳነ። አንድ ቀን ብቻ! ሕልም ይመስላል። ጐንደር፣ አርባ ምንጭና ካሳብ በተሳተፉበት፣ በ2014 በታተመው ምርመራ ግን ያው የአንድ ጊዜ ልክ ከመቶ 58 ብቻ ስላዳነ ምርመራው ከመንገድ እንዲቆም ተደረገ። በአንጻሩ ደግሞ አንቲሞኒ በሕንድ የቢሃር ክፍለ ሀገር ተሕዋሱ ስለ ለመደው ከጥቅም ውጭ ሲሆን፣ በእኛ አገር ከመቶ 90 በላይ ማዳኑን ቀጠለ። ስለዚህ «የእኛ በሽታ ብርቱ ነው» ብሎ መደምደም ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ መድኃኒት ከእያንዳንዱ አገር ጋራ የራሱ ውል አለው።

የልዩነቱ ምክንያት አንድ ብቻ አይመስለኝም። የሰሜን ኢትዮጵያ ተሕዋስ ከሱዳኑ ጋራ የሚዛመድ፣ የደቡቡ ደግሞ ወደ ኬንያው የሚያደላ መሆኑ በዘር ምርመራ ተገልጧል፤ የሚያጋቡአቸውም ዝንቦች የተለያዩ ናቸው። ረኃብ የበላው ሰውነት መድኃኒትን እንደ ጠገበው ሰውነት አይዝም። ሕፃናትም በክብደታቸው ልክ ሚልተፎሲን ሲሰጣቸው በደማቸው ውስጥ የሚገኘው መድኃኒት ከአዋቂው ያንሳል፤ ልጅ ትንሽ አዋቂ አይደለምና።

ሰውነት ራሱ ከአገር አገር፣ ከዘር ዘር እንደሚለይ ለመረዳት ከካላ አዛር ወጣ ብሎ አንዲት ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ የሠሩትን መመልከት ይጠቅማል። ታሪኩ የሚነሣው ከለንደን ነው። በ1975 ሮበርት ስሚዝ የተባለ የመድኃኒት ሊቅ ደብሪሶኩዊን የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ለምርመራ ሲል ራሱ ዋጠ። አብረውት የዋጡት ባልደረቦቹ ምንም ሳይሆኑ እርሱ ግን ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ደረሰ። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ በጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 ተብሎ የተሰየመው፣ ብዙ መድኃኒቶችን የሚፈጭ ኤንዛይም በእርሱ ሰውነት ውስጥ የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። በ1993 ደግሞ የስዊድን ተመራማሪዎች የዚህ ተቃራኒ የሆነ ቤተ ሰብ አገኙ፤ የኤንዛይሙ ጂን በአንድ ሰው ውስጥ እስከ 12 ጊዜ ተባዝቶ፣ የተዋጠው መድኃኒት ሥራውን ሳይጀምር ይፈጭ ነበር።

ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ በስቶክሆልም በካሮሊንስካ ተቋም ከማግነስ ኢንገልማን-ሱንድበርግና ከሌሎች ጋራ ሆነው ይህንኑ ጂን በኢትዮጵያውያን ላይ መረመሩ። በ1996 የታተመው ውጤታቸው በዓለም የመድኃኒት ሊቃውንት ዘንድ ብዙ ተጠቅሷል፤ ከመቶ 29 ኢትዮጵያውያን ይህን ጂን ተባዝቶ ይዘውት ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ዓይነት ሰው ከመቶ 1 ወይም 2 ቢሆን ነው። አንዳንዶች ምክንያቱን ሲገምቱ፣ በረኃብ ዘመን ልዩ ልዩ መራራ ዕፀዋትን መብላት ግድ የሆነበት ሕዝብ የዕፀዋቱን መርዝ ፈጥኖ የሚፈጭ ሰውነት ይጠቅመው ነበር ይላሉ። ግምቱ ውብ ነው፤ ለማረጋገጥ ግን አስቸጋሪ ነው።

ለሕክምና ያለው ትርጕም ግን ግምት አይደለም። ኮዴይን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ በዚሁ ኤንዛይም ወደ ሞርፊን ይለወጣል። ጂኑ የተባዛበት ሰው ለሌላው ደኅና የሆነውን ልክ ሲወስድ በደሙ ውስጥ ድንገተኛ የሞርፊን ጎርፍ ሊገኝ ይችላል። ሕፃናት በዚህ ምክንያት ስለ ሞቱ በ2013 የአውሮፓና የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣኖች ኮዴይን ለልጆች መሰጠቱን የሚገድቡ ደንቦች አወጡ። ከአራት ኢትዮጵያውያን ከአንዱ በላይ የሚነካ ነገር፣ በስዊድን ምናልባት ለመጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ ብቻ በሆነ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ የ2002 ሥራቸው ነው። እነሆ፣ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ጐን ለጐን አድርገው መዘኑ። ጂናቸው አንድ ዓይነት የሆነው ሰዎች እንኳ፣ በአገር ቤት ያሉት መድኃኒቱን የሚፈጩት በስዊድን ካሉት ዘግይተው ሆነ። ምግቡ ወይም ሌላው የኑሮ ሁኔታ ኤንዛይሙን እንደሚገታው ተመራማሪዎቹ አመለከቱ። በስቶክሆልም የሚኖር የጐንደር ልጅ ሥጋ ከሸሕዲ ለሚኖረው ወንድሙ ሥጋ እንኳ ሙሉ ምስክር ሊሆን አይችልም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው እንዳይሳሳት አንድ ነገር ልግለጥ። አንቲሞኒና ፓሮሞማይሲን በሲዋይፒ2ዲ6 በኩል አያልፉም፤ በኵላሊት በኩል ነው የሚወጡት። ስለዚህ የፕሮፌሰር እሌኒ ግኝት የመተማን የካላ አዛር ቍጥር አይፈታም። ሁለቱን ያጐራበትኋቸው አንዱ ስለ ተሕዋስና ስለ አካባቢ፣ ሌላው ስለ ጉበትና ስለ ጂን ቢናገሩም፣ የሚናገሩት ያንኑ የልክን ጥያቄ ስለ ሆነ ነው።

ወደ ቆላው ልመለስ። ፓሮሞማይሲን ብቻውን በኪሎ ወደ 20 ሚሊግራም ከፍ ተደርጎ ሲሰጥ ከመቶ 84.3 አዳነ፤ ተሻሽሏል፣ ግን አልበቃም። ሁለቱን መድኃኒቶች፣ ፓሮሞማይሲንንና ስቲቦግሉኮኔትን፣ ለ17 ቀን አጣምሮ መስጠት ግን ከመቶ 91.4 አዳነ፤ ስቲቦግሉኮኔት ብቻውን በ30 ቀን ካዳነው ከመቶ 93.9 እምብዛም አይርቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ይህን ጥምረት ለምሥራቅ አፍሪካ መረጠው። አስቀድሞ የሕንዱን ልክ የተሸከመው የቆላው ሰው፣ በራሱ አገር በተመዘነ ልክ መታከም የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ኤች.አይ.ቪ. ላለባቸው ደግሞ በጐንደርና በምዕራብ አርማጭሆ በአብደራፊ የተደረገ ምርመራ በ2019 ታተመ። ዶክተር ኤርሚያስ ድሮና ባልደረቦቻቸው አምቢሶምን ብቻውን ከአምቢሶምና ከሚልተፎሲን ጥምረት ጋራ አስተያዩ። ጥምረቱ በመጀመሪያው ዙር ከመቶ 67፣ ሕክምናው ሲደገም ከመቶ 88 ታማሚዎችን ከተሕዋሱ አጸዳ፤ አምቢሶም ብቻውን ግን ከመቶ 55 ላይ ቀረ። ከላይ ስለ ሕዋሳት መልእክት የተናገርሁትን ያስታወሰ ሰው ምክንያቱን ያስተውላል፤ የሰውነት ጭፍራ በተበተነበት ስፍራ መድኃኒቶቹ እርስ በርሳቸው ሊደጋገፉ ይገባ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ይህንኑ ሕክምና መመሪያው አደረገው።

የመጨረሻው ምርመራ ኢትዮጵያን፣ ሱዳንን፣ ኬንያንና ኡጋንዳን ያጠቃለለ ነበር። ከ439 ታማሚዎች መካከል ለአንደኛው ወገን ሚልተፎሲንና ፓሮሞማይሲን ተጣምረው ለ14 ቀን ተሰጡ፤ ለልጆቹም የሚልተፎሲኑ ልክ አስቀድሞ እንደ ተረዳው ከፍ ተደረገላቸው። በ2022 በወጣው ውጤት መሠረት ከመቶ 91.2 ዳኑ፤ የ17 ቀኑ ጥምረት ያዳነው ከመቶ 91.8 ነበር። በቍጥሩ ብቻ ካየነው ሁለቱ አንድ ናቸው። የ17 ቀኑ ሕክምና ግን በየቀኑ ሁለት መርፌ፣ በጠቅላላው 34 መርፌ ሲሆን፣ ይኸኛው በየቀኑ አንድ፣ በጠቅላላው 14 ነው፤ ልብ የሚያቆመው አንቲሞኒም ከውስጡ ወጥቷል። ለመውለድ ዕድሜ ለደረሰች ሴት ግን ሚልተፎሲን በተጨመረበት ጊዜ ሁሉ የእርግዝና ምርመራና መከላከያ ስለሚያስፈልግ፣ ከማሳ የመጣች አራሚ ሴት በሸሕዲ ወይም በመተማ ሐኪም ፊት ስትቀመጥ መጀመሪያ የምትጠየቀው ስለ ትኵሳቷ ብቻ አይሆንም።